ያልተጻፈው መጽሐፍ ሁለተኛ እትም

ጋዲሴ ኦልጅራ እንጀራዋን የምትበላው በሰው ስህተት ነው። ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት። በቀን እስከ ስድስት መቶ ሸሚዝ በእጇ ያልፋል። የተንሻፈፈ ኮሌታ፣ የዘለለ ስፌት፣ ከወንድሙ ትንሽ የረዘመ እጅጌ ካገኘች ቀይ ምልክት ለጥፋ ትመልሰዋለች። አሥራ አንድ ዓመት ይህንኑ ስትሠራ ኖራ ዓይኗ ከፋብሪካ ውጭም ዕረፍት አጥቷል። ሰርግ ተጠርታ ሄዳ ሙሽራውን ትታ የሙሽራውን ኮት ጫፍ ስታይ ትውላለች። ልቅሶ ቤት ተቀምጣም የድንኳኑ ስፌት የት ጋ እንደሚለቅ ታውቃለች።

ይህችው ጠንቃቃ ሴት መጽሐፍ ላይ ስትደርስ ግን ነገሯ ሁሉ ይገለበጣል። የምትወደው የሌለ ነገር የተጻፈበትን ነው። ሰው ወደ ሌላ ፕላኔት የሚሄድበት፣ ዛፍ የሚናገርበት፣ ጊዜ ወደ ኋላ የሚፈስበት። ሽፋኑ ላይ «እውነተኛ ታሪክ» የሚል ካየች መልሳ ታስቀምጠዋለች። «እውነቱንማ ከጠዋት እስከ ማታ አየው የለ» ትላለች።

ነገሩ የጀመራት ስምንተኛ ክፍል ሳለች ነው። አቃቂ በተማረችበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ከገጽ ዘጠኝ የሚጀምርና ገጽ መቶ አራት ላይ የሚያልቅ አንድ መጽሐፍ አገኘች። የሰዎቹ ጥላ ከባለቤቶቹ ሦስት ቀን ዘግይቶ ስለሚደርስበት መንደር የሚያወራ ነበር። ርዕሱን አላወቀች፣ ደራሲውን አላወቀች፤ የመጀመሪያዎቹ ስምንት ገጾች ላይ ምን ተብሎ እንደነበር እስከ ዛሬ አታውቅም። ያን ቀን ቤት ገብታ ለአባቷ ብትተርክላቸው አቶ ኦልጅራ እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰምተው «ታዲያ ምኑ ይገርማል?» አሏት። እሳቸው ሽንብራ ይዘሩበት በነበረው ማሳ ላይ በሁለት ክረምት መሀል መጋዘን በቅሎ ያዩ ሰው ናቸው። ጥላ ዘገየ ቢሏቸው አይደነግጡም።

የጋዲሴ ችግር ርዝመቱ ነው። በአማርኛ ልብወለድ ወይ አጭር ነው ወይ ረጅም። አጭሩ የፋብሪካው ሰርቪስ ቱሉ ዲምቱ ሳይደርስ ያልቅና ቀሪውን መንገድ በመስኮት የግንባታ አሸዋ ስታይ ትሄዳለች። ረጅሙንም ሞክራዋለች። ሰኞ የተዋወቀችው ንጉሥ አርብ ላይ ስሙ ይጠፋባታል፤ በሦስተኛው ሳምንት ንጉሡ ከነሠራዊቱ ቦርሳዋ ውስጥ ተረስቶ ይቀራል። እሷ የምትፈልገው መሀሉን ነው። ሰኞ ጠዋት ተጀምሮ ሐሙስ ከሥራ መልስ የሚያልቅ፣ አርብን ደግሞ ሲያስቡት የሚውሉት። መቶ ገጽ፣ ቢበዛ መቶ ሃያ። የተማሩ ሰዎች እንዲህ ያለውን «ኖቬላ» እንደሚሉት ሰምታለች። ሳሪስ ላይ በዚህ ስም የምታውቀው ግን አንድ የሴቶች ፀጉር ቤት ብቻ ነው።

ቴሌግራምም ላይ ፈልጋለች። አንዱ ቻናል «ሳይንሳዊ ልብወለዶች በአማርኛ» ይላል ብላ ብትገባ በአንድ ቀን አራት መቶ ፋይል ላከባት። ሦስት መቶው እንዴት ሀብታም እንደሚኮን የሚያስተምር ነበር፤ አንዱ የአሥረኛ ክፍል የፊዚክስ ፈተና ሆኖ ተገኘ። ፈተናውን ሠርታ ስትጨርስ ከቻናሉ ወጣች።

ስለዚህ ሁልጊዜም መመለሻዋ አምባው ነው።

አምባው ሳሪስ ውስጥ አስፋልቱ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ አለችው። መጽሐፎቹ ከውስጥ ሞልተው ወደ ውጭ ስለፈሰሱ እሱ ራሱ የሚቀመጠው በረንዳው ላይ ነው። ዕድሜው አርባን ያለፈ፣ መነጽሩን ከዓይኑ ይልቅ ግንባሩ ላይ የሚያደርግ ሰው ነው። ደንበኞቹ ሁሉ የሚያውቁለት አንድ ጠባይ አለው፤ «አላውቅም» ብሎ አያውቅም። የማያውቀውን መጽሐፍ ሲጠይቁት «አልቋል» ይላል። ያንኑ መጽሐፍ ደግመው ከጠየቁት ደግሞ «ሐሙስ ይገባል» ይላል።

በሁለት ዓመት ውስጥ ጋዲሴ ከአምባው ዘንድ የሌለ ነገር የሚያወሩ ቀጫጭን መጻሕፍት እየለቀመች አሥራ አንድ አገኘች። አሥራ አንዱንም ሁለት ሁለት ጊዜ አነበበች። ማንበብ ብቻ ሳይሆን ማውራትም ጀምራ ነበር፤ ለዚህ ደግሞ ተጠያቂዋ ሰርቪስ ላይ አጠገቧ የሚቀመጡት እትዬ አማረች ናቸው።

እትዬ አማረች የቆረጣ ክፍል ኃላፊ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጨርቅ ቆርጠዋል። ጠዋት ጠዋት ሰርቪስ ውስጥ የጸሎት መጽሐፋቸውን ይከፍታሉ፤ ጸሎቱ ሲያልቅ የሰው ጉዳይ ይከፍታሉ። አንድ ቀን ጋዲሴ አንገቷን ደፍታ ስታነብ አይተው፣

«ምንድን ነው እሱ እንዲህ ያፈጠጥሽበት?» አሏት።

«ሰውየው ኮከብ ላይ ጠፍቶ ነው እትዬ።»

«ኮከብ ላይ ምን ቤት ነው?»

«ሊያጠና ተልኮ ነው።»

እትዬ አማረች ከንፈራቸውን መጠጡ። እንዲህ ያለው ነገር አእምሮ እንደሚያዞር፣ ሰው አፈር ላይ ያለውን ሥራ ሳይጨርስ ሰማይ መቧጠጥ እንደማያስፈልገው አስረዷት። ከዚያ ሰርቪሱ ሁለት ማዞሪያ ሄደና፣ መስኮት እያዩ፣ «ሚስቱ ታውቃለች?» አሉ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ጋዲሴ ያነበበችውን በማግስቱ ትተርካለች። ከኋላ ወንበር የጥገናው ሞቲና የስፌቷ ሐጀራ አንገታቸውን አስግገው ይሰማሉ። ከነሱ ኋላ ያሉት ደግሞ «ምን አለች?» እያሉ ከነሱ ይቀበላሉ። ሾፌሩ ጋሽ ሶሬሳ ብቻ ዘወር ብለው አያውቁም፤ ከሰላምታ በላይ ቃል የማይወጣቸው፣ ሁልጊዜ ሬዲዮ የሚከፍቱ ሰው ነበሩ።

አሥራ አንዱ መጻሕፍት ሲያልቁ ጋዲሴ ቅዳሜ ከሰዓት ከአቃቂ በታክሲ ተሳፍራ ሳሪስ ወረደች።

«አምባው፣ ቀጭን የለህም?»

«ይኸውልሽ» ብሎ በሁለት እጁ ብቻ የሚነሳ መጽሐፍ አነሳላት። «ዘንዶ አለበት። ሦስት ቅጽ ነው፤ ሦስቱንም አቆይቼልሻለሁ።»

«ይሄንን ስጨርስ ጡረታ እወጣለሁ።»

«መጽሐፍ ሲወፍር ነው እንጂ የሚያጠግበው። አንቺ ምን ሆነሽ ነው ቀጭን ቀጭኑን የምትፈልጊው?»

ያን ጊዜ ነው ክፉ ሐሳብ የመጣባት። ሰው ሲዋሽ፣ እስካሁን ባንናገረውም፣ እንደ ለቀቀ ስፌት ክሩ ይታያታል። የአምባውንም ሁለት ዓመት ሙሉ ስታየው ኖራ አንድም ቀን ስባው አታውቅም ነበር። በመንገዱ ማዶ አንድ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ደብተሩን ይዞ በር ሲያንኳኳ አየችና አፏ ላይ የመጣውን ተናገረች።

«እሺ፣ ‹የጨረቃዋ ቆጣሪ አንባቢ› የሚባለው አለህ?»

እንዲህ የሚባል መጽሐፍ በዓለም ላይ አልነበረም። አምባው ግን ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም።

«አልቋል። ባለፈው ሳምንት መጥተሽ ቢሆን ኖሮ።»

«አይ የኔ ነገር። ስንት ገጽ ይሆናል?»

«መቶ ገደማ ነው። ላንቺ የሚሆን ነበር።»

«ደራሲው ማን ነበር?»

አምባው ወደ ላይ አየ፤ ከዚያ ከትከሻዋ በላይ አሻግሮ አየ። «ብሩህ ሳህሌ ነዋ» አለ። «የአቃቂ ልጅ ነው። አታውቂውም?»

ጋዲሴ ዘወር አለች። ከመንገዱ ማዶ «ብሩህ መነጽር ቤት» የሚል ታፔላ አለ። ከጎኑ «ሳህሌ ጎሚስታ» ይላል፤ ከታፔላው ሥር ጎማ ተከምሯል።

«አውቀዋለሁ መሰለኝ» አለች ሳቋን እየዋጠች።

ሰኞ ጠዋት ሰርቪስ ላይ እንደተቀመጠች ይህን ለእትዬ አማረች ልታጫውታቸው አሰበች። የጀመረችው ግን ከመጥፎ ቦታ ነበር። «እትዬ፣ ቅዳሜ ‹የጨረቃዋ ቆጣሪ አንባቢ› ስለሚባል መጽሐፍ…» ከማለቷ እትዬ አማረች የጸሎት መጽሐፋቸውን ዘግተው፣ «ተመስገን፣ አዲስ ተገኘ ማለት ነው። በይ ቀጥይ» አሉ። ከኋላ ሞቲ ተጠጋ። ሐጀራ ጆሮዋ ላይ የነበረውን ማዳመጫ አወጣች። ሦስት ሰው እንዲህ አፍጥጦ ሲጠብቅ መጽሐፉ የለም ማለት ለጋዲሴ ከበዳት። እና ጀመረች።

«አንዲት የውሃ ቆጣሪ አንባቢ አለች» አለች። «አንድ ቀን መሥሪያ ቤቷ ‹ጨረቃ ላይ ቆጣሪ ተገኝቷል፤ ሄደሽ አንብቢ› ይላታል። ስትሄድ ሰው የለም፣ ቤት የለም። አንድ በር ብቻ ቆሟል። በሩ አጠገብ ቆጣሪ አለ፤ ይዞራል።»

«ውሃ ሳይኖር?» አለ ሞቲ።

«ውሃ ሳይኖር። ደግሞ ወደ ኋላ ነው የሚዞረው። በየወሩ ስትሄድ ቁጥሩ ቀንሶ ታገኘዋለች።»

«ዜሮ ሲደርስስ?» አሉ እትዬ አማረች።

ጋዲሴ ዜሮ ሲደርስ ምን እንደሚሆን አላወቀችም። ደግነቱ ሰርቪሱ ፋብሪካው በር ላይ ደርሶ ነበር።

ያን ቀን ስድስት መቶውን ሸሚዝ ስታገላብጥ ልቧ ጨረቃ ላይ ዋለ። አንድ ኪስ የሌለው ሸሚዝ አሳለፈች ተብሎ በዓመት አንዴ የማይደርስባት ወቀሳ ደረሰባት። ማክሰኞ ቀጠለች፣ ረቡዕም ቀጠለች። አድማጮቿ ቀላል ሰዎች አልነበሩም። ሞቲ መካኒክ ነውና ሴትዮዋ በምን እንደምትተነፍስ ጠየቀ። «አየሩን በጀሪካን ይዛ ነው የምትሄደው» አለችው። ባለ ስንት ሊትር ጀሪካን፣ ለስንት ሰዓት ብሎ ያዛት። ጋዲሴ ቤቷ ገብታ ስታሰላ አምሽታ በማግስቱ ቁጥሩን ስታመጣለት፣ ክዳኑ ቢያፈስስ ምን ትሆናለች አለ። የክዳኑ ማፍሰስ ታሪኩ ውስጥ ገባ፤ ከሁሉም በላይ ያስጨነቀው ምዕራፍ እሱ ሆነ። እትዬ አማረች ደግሞ ሴትዮዋ ምሳ ሳትቋጥር አትሄድም ብለው ስለጸኑ ጨረቃ ላይ የምሳ ዕቃ ተከፈተ።

አራት ቀን ትፈጃለች የተባለችው ታሪክ ሁለተኛ ሳምንት ገባች። ጋሽ ሶሬሳ ሬዲዮውን መዝጋት ጀመሩ። ሐሙስ ዕለት የጀሪካኑ ክዳን ሊለቅ ሲል በተለመደው መንገድ መታጠፍ ትተው ቀጥ ብለው ሄዱ፤ ሰርቪሱ በግንባታ ሰፈር ዞሮ ዞሮ አሥራ ሁለት ደቂቃ ዘግይቶ ደረሰ። የሰዓት ተቆጣጣሪው በሩ ላይ ቆሞ ምን ሆናችሁ አለ። አርባ ሁለት ሰው በአንድ አፍ «መኪና ተገልብጦ መንገድ ተዘግቶ» አለ። የጫነው ምን ነበር ሲላቸው ግማሹ ሲሚንቶ፣ ግማሹ ሽንኩርት አለ። ሐጀራ፣ «ሲሚንቶ የጫነው ነው ሽንኩርት የጫነውን የገጨው» ብላ አስታረቀችው።

እዚህ ድረስ ጉዳቱ ትንሽ ነበር። ነገሩ የከረረው ሰዎቹ መጽሐፉን ራሳቸው ሊያነቡት ሲፈልጉ ነው። ሐጀራ ቅዳሜ ሳሪስ ሄዳ አምባውን ጠየቀችው። «ሐሙስ ይገባል» አላት። ሞቲ ጠየቀ፤ «ሐሙስ» አለው። በሚቀጥለው ሳምንት ዘጠኝ ሰው ጠየቀ። አምባው ስማቸውን በደብተር እየመዘገበ «ተፈላጊ ነው፤ ሲገባ እደውላለሁ» ማለት ጀመረ። ሐጀራ ጭራሽ ብሩህ ሳህሌ የድሮ አከራይዋ ጎረቤት እንደነበር፣ ቀጭን ሆኖ ሰላምታ የማይሰጥ ሰው እንደሆነ ለሰርቪሱ ተናገረች። ጋዲሴ አፏን ይዛ ሰማች።

ሰኞ ጠዋት ግን ሐጀራ ፊቷ ጨፍግጎ ገባች።

«መጨረሻውን ሰማሁ» አለች። «አምባው ነገረኝ። የቢሮዋን ኃላፊ ታገባለች አሉ።»

ሰርቪሱ ውስጥ ቅሬታ ተሰማ። እትዬ አማረች፣ «ያን ጀሪካን ሳይፈትሽ የላካትን ሰውዬ?» አሉ።

የጋዲሴ ፊት እስከ ጆሮዋ ጋለ። በሕይወቷ ብዙ የተበላሸ ስፌት አይታለች፤ የራሷን ሥራ ሌላ ሰው ገብቶ ሲያበላሽባት ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ከንፈሯን ነክሳ ቆይታ ቅዳሜ ሳሪስ ወረደች። አምባው በረንዳው ላይ ሻይ ይጠጣል።

«መጽሐፉ መጣ?»

«ሐሙስ።»

«የትኛው ሐሙስ?»

«የሚመጣው።»

«መጨረሻ ላይ ታገባለች ብለሃል አሉ።»

«ታገባለች» አለ አምባው ተረጋግቶ።

«አታገባም።»

አምባው ብርጭቆውን አስቀመጠ። «አንብበሽዋል እንዴ?»

ጋዲሴ በልቧ አሰላች። አላነበብኩም ብትል መጨረሻውን እንዴት አወቀች? መጽሐፉ የለም ብትል ደግሞ አራት ሳምንት ሙሉ አርባ ሁለት ሰው ስትዋሽ እንደከረመች መናገሯ ነው። እሱም ያው ነው፤ ውሸታም ነሽ ቢላት፣ ‹ታዲያ አልቋል ያልከው ምን ነበር?› ልትለው ነው። ሁለቱም አንድ ጉድጓድ ውስጥ ቆመው፣ መጀመሪያ የሚወጣው ሌላውን ረግጦ እንደሆነ ገብቷቸዋል።

«አንብቤዋለሁ» አለች።

«የትኛውን እትም?»

«አንተስ?»

«እኔ የመጀመሪያውን።»

ተያዩ። የአምባው የከንፈር ጫፍ ትንሽ ተንቀሳቀሰች፤ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ዓይኑ ላይ አደረገ።

«በሁለተኛው እትም ተስተካክሏል» አለች ጋዲሴ። «አታገባም።»

«ሁለተኛ እትም ወጥቷል?»

«ሐሙስ ይወጣል።»

«የትኛው ሐሙስ?»

«የሚመጣው» ብላ ሄደች።

ታክሲ ውስጥ ስትገባ ነው ምን እንዳለች የገባት።

የሚመጣው ሐሙስ አልሆነም። ስምንት ሐሙስ ፈጀባት። እሑድ እሑድ ቤቷን ዘግታ፣ በሥራ ቀን ደግሞ በምሳ ሰዓት ደብተር ይዛ ከፋብሪካው ጀርባ ከዛፎቹ ሥር ትቀመጣለች። ሰርቪስ ላይ ቀሪውን ሲጠይቋት «በመጽሐፉ ታገኙታላችሁ» ብላ አፏን ዘጋች። ጋሽ ሶሬሳ ሬዲዮውን መልሰው ከፈቱ፤ ሰርቪሱ በሰዓቱ መድረስ ጀመረ፣ ሁሉም ሰው ግን ፊቱ ጨለመ።

መጻፍ እንደ ማውራት አልሆነላትም። በአፏ አርባ ሰው ያስጨነቀችው የክዳን ነገር ወረቀት ላይ ሲወርድ እንደ ጥገና ሪፖርት ሆነባት። የጻፈችውን እንደ ሸሚዝ እያገላበጠች ቀይ እስክሪብቶ ታነሳለች፤ ይህ ይረዝማል፣ ይህ ይዘላል፣ ይህ ከዚያኛው ጋር አይገጥምም። ሁለት ጊዜ መቶ ሃምሳ ገጽ ደርሳ ሁለት ጊዜ ቆረጠችው። መቶ ስምንት ላይ ስትቆም ነው እፎይ ያለችው። አቃቂ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ሊዲያ በኮምፒውተር ጻፈችላት። ሊዲያ ፈጣን ጸሐፊ ናት፤ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ግን እጇን ከቁልፎቹ አንስታ እስከ መጨረሻ አንብባ ነው የቀጠለችው። ሽፋኑ ላይ ምን ስም ይግባ ስትላት ጋዲሴ ጥቂት አሰበችና «ብሩህ ሳህሌ» አለች። ከሥሩ «ሁለተኛ እትም» አስጻፈች።

ሐሙስ ከሥራ መልስ ሠላሳ ቅጂ በፌስታል ይዛ አምባው ጋ ደረሰች። አምባው አንዱን አነሳ፤ በእጁ መዘነው፤ ሽፋኑን አየ፤ አገላበጠ። ከመንገዱ ማዶ ወዳሉት ሁለት ታፔላዎች ሊያይ ሲል ራሱን ገታ።

«የመጀመሪያው ይሻል ነበር» አለ።

«የወረቀቱ ጥራት ነው?»

«እሱም አለ።»

ሠላሳውንም ግን ተቀብሎ ከፊት ከዘንዶው መጽሐፍ በላይ ደረደራቸው። ስልኩን አውጥቶ በደብተሩ ለተመዘገቡት ሁሉ እየደወለ «ብዬ አልነበር ሐሙስ ይገባል» ሲል ጋዲሴ እዚያው ቆማ ሰማችው። ሁለት ቅዳሜ ቆይታ ስትመለስ አንድ ቅጂ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እሱም መሀሉ ላይ የሻይ ምልክት አለበት።

«ይሄ አይሸጥም፤ የራሴ ነው» አለ አምባው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቁጥሩ ዜሮ ሲደርስ በሩ ከውስጥ ተከፍቶ፣ እሷን የመሰለች ሌላ ሴት እንደሷው ደብተር ይዛ ስትወጣና ‹የእናንተን ቆጣሪ ላነብ ነው የመጣሁት› ስትላት…» አለና መነጽሩን ጠረገ። «ይሄ በመጀመሪያው እትም ላይ አልነበረም።»

ጋዲሴ ከአምባው አፍ ከዚህ የበለጠ እውነት እንደማይወጣ ታውቃለች። ሻይ ጋበዛት፤ ጠጣች።

ሰርቪስ ላይ መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሞቲ የአየሩ ስሌት ገጽ አርባ ሦስት ላይ በሁለት ሊትር እንደሚጎድል አስታወቀ። ሐጀራ ብሩህ ሳህሌ ከጠባዩ ይልቅ ጽሑፉ እንደሚሻል መሰከረች። እትዬ አማረች አራት ቀን አንብበው አርብ ጠዋት የጸሎት መጽሐፋቸውን ሳይከፍቱ ተቀመጡ። ቱሉ ዲምቱን ሲያልፉ ወደ ጋዲሴ ጆሮ ጠጋ አሉ።

«በስንት ቀን ጻፍሽው?»

ጋዲሴ ልትክድ አፏን ከፈተች።

«ተይ» አሉ እትዬ አማረች። «ያነበብሽውን ስትነግሪኝ ስም ይጠፋብሻል። ‹ያ ሰውዬ›፣ ‹ያቺ ሴትዮ› ነው የምትይው። በዚህኛው ግን የመንገዱን ስም፣ የበሩን ቀለም፣ የጀሪካኑን ቁጥር አንድም ሳትስቺ ነበር የምታወሪው። ከመጀመሪያው ሰኞ ጀምሮ አውቄያለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«መጨረሻውን ሳልሰማ?» አሉ እትዬ አማረች። «ሁለቱ ሴቶች ግን በሩ ላይ ቆመው ነው ያለቀው። አንድ ነገር ሳይቀምሱ። እሱን ሦስተኛው እትም ላይ አስቢበት» አሉ።

እንዲህ ሆኖ ነገሩ ያለቀ መሰለ። ጋዲሴም ወደ ድሮ ችግሯ ተመለሰች፤ የምታነበው የላትም። የራሷን መጽሐፍ ማንበብ ደግሞ መጨረሻውን እያወቁ መደንገጥ ስለሆነ አልሆነላትም።

አንድ ማክሰኞ ከሥራ መልስ ሁሉም ሲወርድ ጋሽ ሶሬሳ፣ «ጋዲሴ፣ ቆይ እስቲ» አሉ። ስሟን ሲጠሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማቻቸው ያን ቀን ነው። ከመቀመጫቸው ሥር የመኪናውን ሰነድ የሚይዙበትን ጥቁር ቦርሳ አውጥተው፣ ከውስጡ ጠርዙ ያለቀ ደብተር አወጡ። ሽፋኑ ላይ ምንም አልተጻፈም።

«ሰው አላሳየሁትም» አሉ። «ከአምስት ዓመት በፊት የጀመርኩት ነው፤ ባዶውን ስመለስ መንገድ ከተዘጋብኝ መሪው ላይ አስደግፌ እጽፋለሁ። መሬት ውስጥ ለውስጥ ስለሚሄድ ባቡር ነው፤ ተሳፋሪዎቹ ገና ያልተወለዱ ናቸው። አንቺ መጨረስ እንደሚቻል ስላሳየሽኝ ባለፈው ወር ጨረስኩት። የማይረባ ከሆነ ለሰው ሳትነግሪ መልሺልኝ።»

«ስንት ገጽ ነው?»

«መቶ አሥራ ሁለት።»

ጋዲሴ ደብተሩን በሁለት እጇ ተቀበለች። የጋሽ ሶሬሳ እጅ ጽሑፍ ደቃቅና ጥቅጥቅ ያለ ነበር፤ ፊደል እየገደፉ፣ ነጥብ እየረሱ ነው የጻፉት። ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ አርብ አነበበች። ቀይ እስክሪብቶዋን ይዛ ተቀምጣ ገጽ ሃያ ስትደርስ የእስክሪብቶውን ክዳን መክፈት ረስታ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ስትጨርሰው መጀመሪያ የተሰማት ንዴት ነበር፤ ከሷ መጽሐፍ ይበልጣል። ሁለተኛው ደስታ ነበር፤ የምታነበው አገኘች፤ ይህን ለራሷም ለመናገር ግን ጊዜ ወሰደባት። ተነስታ ከመጀመሪያው ገጽ እንደገና ጀመረችው።

ሰኞ ጠዋት ከሌሎቹ ቀድማ ሰርቪሱ ላይ ወጣችና ደብተሩን ሰጠቻቸው። ጋሽ ሶሬሳ መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ፊት እያዩ ጠበቁ።

«ባቡሩ ቆሞ ሕፃኑ ስሙን የሚመርጥበት ላይ አልቅሻለሁ» አለቻቸው። «ሊዲያ እንድትጽፈው እንስጣት። ሦስተኛው ምዕራፍ ብቻ ትንሽ ይረዝማል ጋሽ ሶሬሳ።»

ጋሽ ሶሬሳ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አውቃለሁ» አሉ። «ያን ሰሞን ቱሉ ዲምቱ ጋ መንገድ እየተሠራ ነበር።»